የቅናሽ ካርዱ ስለ ቤታችሁ ምን ያህል ያውቃል?

«ካርድ አለዎት?» በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ አገር ከሱፐርማርኬት አስቤዛ የሚገዛ ሰው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም። ካርድ ያለው ሰው ወተቱን፣ ዘይቱንና የልጆቹን ዳይፐር በቅናሽ ይወስዳል። የሌለው ያንኑ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ካርዱን ለማውጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይጠየቅም። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ አንዳንዴም የልደት ቀን መሙላት ይበቃል።

ለመሆኑ ነጋዴ ያለ ምክንያት ዋጋ ይቀንሳል? ካርዱ በነጻ የሚታደለው፣ ቅናሹም በየሳምንቱ የሚቀጥለው ለምንድን ነው? ብዙ ባለትዳሮች ስለ ቤት ወጪ ሲነጋገሩ ያተረፉትን ገንዘብ ያሰላሉ፤ በምትኩ ምን እንደሰጡ ግን አያነሱም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሐሳባችን ካርዱን ቅደዱት ለማለት አይደለም። ነገር ግን ለመደብሩ የሚደርሰው መረጃ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ ገመና ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት አውቀውና ተነጋግረው ሊሰጡት ወይም ሊከለክሉት ይገባል።

የዱቤ ደብተርና የኮምፒዩተር መዝገብ

ነጋዴ ደንበኛውን ማወቁ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ከዚያ ደብተር ላይ የማን ቤት ስኳር በወሩ አጋማሽ እንደሚያልቅ፣ የማን ደመወዝ እንደዘገየ፣ እነማን ቤት እንግዳ እንደሰነበተ ማንበብ ይቻላል። ይሁን እንጂ ባለሱቁ እኛን እንደሚያውቀን እኛም እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን፤ ልጆቹን በስማቸው እንጠራቸዋለን። ገመናችንን ቢያወጣ ሰፈሩ ይታዘበዋል፤ ደንበኛም ያጣል። ዱቤው ሲከፈል ደግሞ መስመሩ ይሰረዛል።

የሱፐርማርኬቱ መዝገብ ግን ከዚህ በ3 ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ ሒሳቡ ስለተከፈለ አይሰረዝም፤ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ እነማን እንደሚያነቡት ደንበኛው አያይም። ሦስተኛ፣ መዝገቡ ከሌላ መረጃ ጋር ሲቀናጅ የነገርነውን ብቻ ሳይሆን ያልነገርነውንም ይገምታል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሦስተኛው ነው።

ካርዱ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ባርኮድ አለው፤ እያንዳንዱም ካርድ የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ በማሽኑ ሲያልፉ ምን ተገዛ፣ መቼ ተገዛ፣ የት ተገዛ፣ በስንት ተገዛ የሚለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥር ይመዘገባል። የአንድ ቀን ግዢ ብዙ አይናገርም። የአንድ ዓመት ግዢ ግን የቤቱን ኑሮ ይናገራል። ለ4 ሰው ይገዛ የነበረ ቤት ለ3 ሰው መግዛት ቢጀምር አንድ ሰው ከቤት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ይወድ የነበረ ቤት በድንገት ስኳር የሌለበትን ምግብ ብቻ ቢመርጥ ከሐኪም የሰማው ነገር ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ጎረቤት ሳይሰማው ኮምፒዩተሩ ሊያየው ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ጉልበት በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እንግሊዝ ነው። ቴስኮ የተባለው ሱፐርማርኬት «ክለብካርድ» የሚባለውን ካርድ እ.ኤ.አ. በ1994 በጥቂት መደብሮች ሞከረው፤ በ1995 ደግሞ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ አዋለው። መረጃውን የመረመሩለት ክላይቭ ሃምቢና ኤድዊና ደን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ኩባንያቸውንም ከሁለቱ ስም ቀጥለው ዳንሃምቢ ብለውታል። የሙከራውን ውጤት ለቴስኮ ቦርድ ባቀረቡ ጊዜ፣ ሊቀመንበሩ ኢያን ማክሎሪን እነዚህ ሰዎች በ3 ወር ውስጥ ስለ ደንበኞቹ ያወቁት እርሱ በ30 ዓመት ካወቀው መብለጡ እንዳስፈራው መናገሩ በሰፊው ይታወቃል። ዕድሜውን በንግድ ያሳለፈ ሰው ነው እንዲህ ያለው።

በዚያው በ1995 ቴስኮ ተፎካካሪውን ሴንስበሪን በልጦ የእንግሊዝ ትልቁ የምግብ መደብር ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ካርዱ ብቻ ነው ባይባልም፣ ሴንስበሪ ግን በ1996 የራሱን ካርድ ለማውጣት ተገደደ። ክሮገር የተባለው የአሜሪካ ሱፐርማርኬትም በ2003 ከዳንሃምቢ ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ። ዛሬ ትላልቅ መደብሮች ከምግብና ከሳሙና ሽያጭ በተጨማሪ፣ በደንበኞቻቸው መዝገብ እየታገዙ ለአምራቾች ማስታወቂያ በመሸጥ ገቢ ያገኛሉ። እንግዲህ ካርዱ በነጻ የሚሰጥበት ምክንያት ይኸው ነው። በቅናሽ ዕቃ የምንገዛውን ያህል እኛም የቤታችንን ወሬ በቅናሽ እየሸጥን ነው።

ከእናት አስቀድሞ ያወቀ መደብር

እ.ኤ.አ. በ2012 ዘ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ታርጌት መደብሮች ያወጣው ረጅም ዘገባ ብዙ ሰው አነጋግሯል። ታርጌት ለደንበኞቹ የመለያ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ደንበኛው በባንክ ካርድ ሲከፍል፣ ኩፖን ሲጠቀም ወይም ከመደብሩ የተላከለትን ኢሜይል ሲከፍት ሁሉም በዚያ ቁጥር ሥር ይሰበሰባል። የመደብሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ወደ 25 የሚሆኑ ዕቃዎችን መርጦ፣ የእነዚህን ግዢ በማየት አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር መሆኗን መገመት የሚያስችል ስሌት አዘጋጀ። የመውለጃዋን ጊዜም ይገምት ነበር።

ዕቃዎቹ ምን ነበሩ? የሕፃን ልብስ ወይም ጡጦ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ነፍሰ ጡር ሴቶች ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ዚንክ ይገዛሉ። ከ3ኛው ወር በኋላ ሽታ የሌለው ቅባት በብዛት ይወስዳሉ። የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ ደግሞ ጥጥና የእጅ ማጽጃ ያበዛሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ምስጢር የለውም። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ለባልዋ እንኳ ገና ያልተነገረውን ያወጣሉ።

በዘገባው ውስጥ የተነገረ አንድ ታሪክ አለ። በሚኒሶታ ግዛት አንድ አባት ለተማሪ ልጁ የሕፃን ዕቃ ኩፖን በመላኩ ተቆጥቶ ወደ መደብሩ ሄደ፤ ልጄን እንድታረግዝ ልትገፋፏት ነው ወይ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ወቀሰው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲደውል፣ አባትየው አንገቱን ደፋ። በቤቱ እርሱ የማያውቀው ነገር ነበር፤ ልጁ በእርግጥ ነፍሰ ጡር ነበረች። ታሪኩ እንደተነገረው ስለመፈጸሙ የሚጠራጠሩ ሰዎች አሉ። የስሌቱ መኖር ግን ከባለሙያው ከራሱ የተሰማ ነው። ደንበኞች መታወቃቸው እንዳያሳፍራቸው መደብሩ የዳይፐሩን ኩፖን ከሣር ማጨጃና ከወይን ብርጭቆ ማስታወቂያ ጋር ቀላቅሎ መላክ መጀመሩንም ዘገባው ገልጿል። ታዲያ መደብሩ ማወቁን ለመደበቅ ይህን ያህል ከደከመ፣ ደንበኛው ቢያውቅ እንደማይወደው ተረድቷል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የእርግዝና ወሬ መጀመሪያ የማን ነው? ሚስት ለባልዋ የምትነግርበት፣ ባልና ሚስት ለወላጆቻቸው የሚያበሥሩበት የራሱ ጊዜና ወግ አለው። ጽንስ የጨነገፈባት እናት ደግሞ ለማን፣ መቼ እንደምትነግር የምትመርጠው ራሷ ናት። ከዚያ ሐዘን በኋላ «እንኳን ለልጅሽ አበቃሽ» የሚል ኩፖን በፖስታ ቢመጣባት ምን ይሰማታል? ይህን የመናገርና ያለመናገር ነጻነት ለ2 ዶላር ቅናሽ ብለን ሳናውቀው አሳልፈን መስጠት የለብንም።

መዝገብ ሲመሰክር

ሌላው አደጋ መዝገቡ ከመደብሩ ውጭ ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ግዛት የሆነውን እንመልከት። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የራሱን ቤት ለማቃጠል ሞክሯል ተብሎ ተያዘ። ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዱ የሴፍዌይ ሱፐርማርኬት የካርድ መዝገብ ነበር፤ በቦታው የተገኘው ዓይነት እሳት ማቀጣጠያ በእርሱ ካርድ ተገዝቶ ነበር። በ2005 መጀመሪያ ሌላ ሰው ድርጊቱን መፈጸሙን አመነና ክሱ ተነሣ። እስከዚያው ግን ሰውየው ለወራት የተጠርጣሪነትን ሸክም ተሸክሟል።

ፖሊስ ወንጀልን መመርመሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። መዝገቡ የካርዱን ቁጥር ያውቃል እንጂ ዕቃውን ማን እንደተጠቀመበትና ለምን እንደገዛው አያውቅም። ይህ በተለይ እንደ እኛ ላሉት ማኅበረሰቦች ትልቅ ትርጉም አለው። ካርድ የሌለው ዘመድ ሲመጣ «የእኔን ስልክ ቁጥር አስገባ» እንላለን። በአንድ ቁጥር የአክስት ልጅ፣ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሁሉ ይገዛሉ። ደግነት ነው። መዝገቡ ግን የሁሉንም ግዢ በአንድ ሰው ስም ያስቀምጠዋል።

ለበጎ የዋለበትም ጊዜ አለ

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ገጽ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 በአሜሪካ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ40 በላይ በሆኑ ግዛቶች ከ270 በላይ ሰዎችን አሳመመ። የጤና ባለሙያዎች ሕመምተኞችን ስለበሉት ምግብ ቢጠይቁም ምንጩን በቀላሉ ማግኘት አልቻሉም። ከሳምንታት በፊት የበላውን ሁሉ ማን ያስታውሳል? በመጨረሻም በሕመምተኞቹ ፈቃድ የኮስትኮ የአባልነት ካርዳቸው መዝገብ ታየና፣ ምክንያቱ ሳላሚ የተባለ የደረቀ ሥጋ መሆኑ ተደረሰበት። ባክቴሪያው የመጣው ሥጋው ላይ ከተነሰነሰው ቁንዶ በርበሬና ቀይ በርበሬ ነበር።

በእንግሊዝም የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2023 ያሳተሙት ጥናት አለ። በጥናቱ የተካፈሉ 273 ሴቶች የደንበኝነት ካርዳቸው መዝገብ እንዲታይ ፈቀዱ። ከመካከላቸው የእንቁላል እጢ ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች፣ በሽታው ከመታወቁ እስከ 8 ወር አስቀድሞ የሕመም ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት አብዝተው ይገዙ እንደነበር ታየ። አንዲት እናት «ጨጓራዬ ነው» እያለች ችላ የምትለውን ምልክት መዝገቡ አስቀድሞ ይዞት ነበር ማለት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ታሪኮችና በታርጌቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። በሁለቱ ሰዎቹ ተጠይቀው «እሺ» ብለዋል፤ በሦስተኛው ማንም አልጠየቃቸውም።

«የአውሬው ምልክት ይሆን?»

ስለ ባርኮድና ስለ ካርድ ሲነሣ በምእመናን መካከል ይህ ጥያቄ አይቀርም። በአሜሪካም ተነሥቷል። ካትሪን አልብሬክት የተባለች ክርስቲያን ሴት በ1999 የሱፐርማርኬት ካርዶችን የሚቃወም ካስፒያን የተባለ የሸማቾች ማኅበር መሠረተች። በ2006 ደግሞ ከሊዝ ማክንታየር ጋር በመሆን፣ በዕቃ ውስጥ ስለሚቀበሩ ጥቃቅን የሬዲዮ መለያዎች ለክርስቲያኖች መጽሐፍ ጽፋለች። ሥጋቷ በባዶ የተነሣ አልነበረም። በ2004 መጀመሪያ በጀርመን አገር ራይንበርግ ከተማ በሚገኘው የሜትሮ ኩባንያ ዘመናዊ መደብር፣ ለደንበኞች በተሰጠው ካርድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መለያ ተቀብሮ ተገኘ። ደንበኞቹ አልተነገራቸውም ነበር። እርሷና የጀርመን ተሟጋቾች ጉዳዩን ይፋ ሲያወጡ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኩባንያውም ካርዶቹን ለመተካት ተገደደ።

የትንቢቱን ትርጓሜ ለመምህራን እንተወው። የሱፐርማርኬት ካርድ ግን ሰው በፈቃዱ የሚያወጣውና በፈቃዱ የሚተወው ነገር ነው። የሚያሳዝነው ስለ ምልክቱ አጥብቆ የሚከራከር ሰው እንኳ ቅጹን ሳያነብ መፈረሙ ነው። ከሩቁ ፍርሃት ይልቅ በእጃችን ያለውን ቅጽ ማንበብ ይጠቅመናል።

ሕጉ ምን ይላል?

ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግ፣ ሱፐርማርኬቶች ካርድ ለመስጠት የመንጃ ፈቃድ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዳይጠይቁ ከልክላለች። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ሕግ ደግሞ የግዛቲቱ ነዋሪዎች ትላልቅ ኩባንያዎች ስለ እነርሱ የያዙትን መረጃ እንዲያዩ፣ እንዲያስጠፉና እንዳይሸጥ እንዲከለክሉ መብት ሰጥቷቸዋል። ኩባንያው በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግም ተመሳሳይ መብት ይሰጣል፤ መልሱም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያስ? የሼባ ማይልስ አባል የሆነ መንገደኛ በበረረ ቁጥር ነጥብ ይሰበስባል፤ መዝገብም ይያዝለታል። በ2021 ከተጀመረው ከቴሌብር ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በስልክ እየከፈለ ይገበያያል። ስለዚህ ጉዳዩ ውጭ አገር ያሉትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው በ2024 ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰው መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅና ስሕተት ሲኖር እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። መብት ግን ካልጠየቁበት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

እውነቱን ለመናገር ቅናሹ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪ በ2024 ወደ 50,000 የሚጠጉ የካርድ ቅናሾችን መርምሮ፣ ከ100 ውስጥ 92ቱ በእርግጥ ከተለመደው ዋጋ የሚቀንሱ ሆነው አግኝቷል። 3 ልጆች የሚያሳድግ ቤት ይህን ተው ማለት አይቻልም። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. አብራችሁ ተቀመጡና በስንት መደብር ካርድ እንዳላችሁ ቁጠሩ። የማትጠቀሙበትን እንዲዘጋና መረጃው እንዲጠፋ ጠይቁ።

2. ቅጹ ላይ የግድ ያልሆነውን አትሙሉ። የልጆች ስምና የልደት ቀን ለወተት ቅናሽ አያስፈልግም።

3. በስልካችሁ ያለው የመደብሩ አፕ ያላችሁበትን ቦታ እንዳያይ ከልክሉት። መረጃችን አይሸጥ የሚለውን ምርጫ ፈልጋችሁ ምረጡ።

4. ለግላችሁ የምትፈልጉትን ነገር፣ ለምሳሌ መድኃኒት ወይም የእርግዝና መመርመሪያ፣ ያለ ካርድ በጥሬ ገንዘብ ግዙ። የቅናሽ ካርዱን ትታችሁ በባንክ ካርድ ብትከፍሉ መደብሩ ሊያገናኘው እንደሚችል ከታርጌት ታሪክ አይተናል።

5. የካርድ ቁጥራችሁን ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ግዢው በእናንተ ስም እንደሚመዘገብ አስቡ።

6. ካርዱን የትዳር ጓደኛችሁ መሰለያ አታድርጉት። ብዙዎቹ አፖች ያለፈውን ግዢ ሁሉ ያሳያሉ። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባልዋን ደረሰኝ በስውር ከመበርበር ፊት ለፊት መጠያየቅ ይሻላል። ያልተነጋገሩበት ነገር በደረሰኝ ሲገኝ ጠብ ይወልዳል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ጠበቅ አድርገን እንያዘው። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩትን የቤት ጉዳይ፣ ሕመሙንም፣ ዕዳውንም፣ ተስፋውንም፣ የሚያየው አንድ የማያውቁት መደብር ከሆነ ነገሩ ተገላብጧል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ካርድ አለዎት?» ስትባሉ የምትመልሱት መልስ፣ «አለኝ»ም ይሁን «የለኝም»፣ አስቀድማችሁ በቤታችሁ የተስማማችሁበት ይሁን።